ከእናትሽ አልጋ እስከ በሩ

ይህ ወረቀት ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ሠፈር፣ ከምወድሽ ልጄ ከአልጋነሽ እጅ ይግባ።

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እኛን ብርዱ ሲቆነጥጠን አንቺን ሙቀቱ እንደምን አድርጎሻል? ባለቤትሽ አቶ ሐድጉ እንዴት ነው? በሐምሌ ከባቡሩ ሲወርድ የተመታው ጉልበቱ ዳነለት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጣ ያነክሳል? አማትሽ እሜቴ ብርኽቲ እንዴት ናቸው? ትንሹ መድኃኔስ? በመስከረም ይዘሽው በመጣሽ ጊዜ ያየኋቸው ሁለት ጥርሶች ዛሬ ስንት ሆኑ? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው መልስ እንድትጽፊልኝ እወዳለሁ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ በአንድ መስመር አትጨርሺብኝ።

እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጧት ጧት ከሚያስለኝ በቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ይህን «ደህና ናት» የሚለውን ቃል ባለፉት ሁለት ደብዳቤዎቼ እጄ እንደ ልማዱ ጽፎት ነበር። ዛሬ ግን አስቤበት ነው የጻፍሁት። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው አንሥቼ በተራ ልንገርሽ፤ አንድም ነገር አልዘልም። ስለ መዝለል የምናዘዝልሽ ነገር አለኝና።

በኅዳር መጨረሻ የላክሽው ሣጥን በሐድጉ ባልደረባ እጅ በደኅና ገብቷል። አበባ ያለበት መጋረጃ፣ ቀይና ወርቅማ ወረቀት፣ በጥጥ የተጠቀለሉት የብርጭቆ ፍሬዎች፣ አንዱም ሳይሰበር ደርሶኛል። ከሣጥኑ ጋር የመጣውን ደብዳቤ ለእናትሽ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። በፈረንሣዊው የባቡር ሹም ቤት ያየሽውን ጥድ፣ በጥዱ ላይ የተንጠለጠለውን ጌጥ፣ የመስኮቱን መጋረጃ፣ «አባባ፣ እርስዎም ቤቱን ለገና እንዲህ አድርገው ያስጊጡላት፤ የእማዬ ልብ ይፈታ ይሆናል» ያልሽውን ሁሉ አነበብሁላት። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ግን ዘለልሁ። «እስከ ገና ከአልጋዋ ካልተነሣች በጥር መጥቼ ወደ እኔ እወስዳታለሁ፤ እርስዎ ብቻዎን አይችሉም» የሚለውን ማለቴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መስመር የዘለለን ተማሪ ሁሉ እንደገና ከላይ አስጀምሬ ሳስነብብ የኖርሁ ሰው ነኝ። ወረቀቱን አጠፍሁና ከኪሴ ከተትሁት።

እናትሽ በመስከረም እንዳየሻት ነበረች። ሞራው ሁለቱንም ዓይኖቿን ከሸፈነ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ከትልቁ ክፍል ሆኜ የምሰማው የእንዝርቱን ድምፅ ብቻ ነበር። ስጠራት «አቤት» ትላለች፤ ምን ላድርግልሽ ስላት «ምንም» ትላለች። ተኝታ እንኳ የምታወራ ሴት እንደነበረች ታውቂያለሽ። ዝምታዋ ቤቱን ከበረደው በላይ አበረደው።

ስለዚህ የቤቱን ማስጌጥ እንደ ትምህርት ሥራ ያዝሁት። ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ቀን የድሮ ሰሌዳዬን ከተሰቀለበት አውርጄ የሚሠራውን ሁሉ በተራ ቁጥር ጻፍሁበት። መርሻን፣ ያን የሠፈራችንን ለሳኝ፣ ጠርቼ ግድግዳውን በኖራ አስቀባሁ። ኖራው ሲደርቅ ሲባጎ ወጥሬ፣ በክንድና በስንዝር ለክቼ፣ ዕቃውን አሰለፍሁ። ከምሰሶው ጎን ይኖር የነበረው ትልቁ ሣጥን የክፍሉን ሚዛን ያሳጣል ብዬ ከመስኮቱ ሥር አኖርሁት። ግራውን ግድግዳ ተጠግቶ የነበረውን አግዳሚ ወንበር መስኮቱ ላይ የሰቀልሁትን የአንቺን መጋረጃ ፊት ለፊት እንዲያይ ወደ መኻል ሳብሁት። አንቺ ፊደል የቆጠርሽባት፣ አንድ እግሯ አጠር ያለው በርጩማ በየትኛውም መስመር አልገባ ስላለችኝ ጓዳ ጨመርኋት። ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ በቀዩ ወረቀት ጠቀለልሁት። የብርጭቆ ፍሬዎቹን በጥድ ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥዬ ከጥግ አቆምሁት። ጨርሼ ከደጅ ወጣሁና በተከፈተው በር ውስጥ ቤቴን አየሁት። ነጭ ነበረ፣ ቀይ ነበረ፣ ያብለጨልጭ ነበረ። ያላንዳች ስሕተት የተጻፈ ገጽ መሰለኝ።

ጎረቤቶችም መጥተው አዩ። አጥር የምትጋራን የኑሪ ባለቤት ከሪማ ደጃፉ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና፣ መምህር፣ ቤትዎን እኮ የግሪክ ሱቅ አደረጉት፣ አሁን ገብተን እንቀመጥ ወይስ ከዚህ ቆመን ስኳር እንጠይቅዎ? አለችኝ። ሳቅሁ። ምስጋና ነው ብዬ ነበር የወሰድሁት።

የገብርኤል ዕለት፣ አንቺ ቁልቢ ወጥተሽ ስዕለትሽን የምታገቢበት ቀን፣ ለእናትሽ ቤቱ አልቋል፣ አምሯል ብዬ ነገርኋት። እንዝርቱ ቆመ። እስቲ፣ አለችና እግሯን ከአልጋው አወረደች። ከመስቀል ወዲህ ሳልለምናት የተነሣችው ያን ቀን ነው። ክንዷን ልይዛት ስል፣ ይተዉኝ፣ ቤቴን አውቀዋለሁ አለችኝ። እኔም ከበሩ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋት። የምትደሰተውን ደስታ ለማየት እንደ ልጅ ጓጉቼ ነበር።

የመኝታ ክፍሏን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ወጣች። አራት እርምጃ ተራምዳ እጇን ዘረጋች፤ ምሰሶው እዚያው ነበረ። ጣቶቿ ወረቀቱን ሲነኩ ግን የሰው ፊት የነካች ይመስል እጇን ሰበሰበች። በቀኝ በኩል ሣጥኑን ፈለገችው፤ አየር ብቻ አገኘች። ወደፊት ስትል አግዳሚው ቅልጥሟን መታት። አልወደቀችም ልጄ፣ አትደንግጪ። ግን በራሷ ቤት መኻል፣ ሁለት እጇን ከፊቷ ዘርግታ፣ ወዴት እንደምትዞር አጥታ ቆመች። ከዚያም በቀስታ፣ «ይህ የማን ቤት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ወደ አልጋዬ ይመልሱኝ» አለች። ወደ አልጋዋ መለስኋት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚያን ቀን እንዝርቱም አልተሰማም።

ያን ማታ ኪሴ ያለው ደብዳቤሽ ከበደኝ። ልጅቱ እውነቷን ነው፣ ብቻዬን አልችልም አልሁ። ነገር ግን ስሕተት ያለበትን ሒሳብ ስሕተቱ ከየት እንደጀመረ ሳላገኝ ማስረከብ አልችልበትም፤ ይህንም ጠባዬን ታውቂዋለሽ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ በሩን ዘጋሁ፣ ዓይኔን በነጠላ አሠርሁና ከመኝታ ክፍሉ መጋረጃ ተነሥቼ መሄድ ጀመርሁ። አምስተኛው እርምጃ ላይ አግዳሚው እኔንም መታኝ። ዞር ስል ጥዱ ፊቴን ቧጠጠኝ። ከዚያ በኋላ በሩ በየት እንደሆነ ጨርሶ ጠፋኝና ተንበርክኬ መሬቱን መዳሰስ ያዝሁ። ከሪማ ምን ልትበደር እንደመጣች እንጃ፣ በሩን ከፍታ ያገኘችኝ እንዲህ ሆኜ ነው። መምህር፣ አለችኝ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከማን ጋር ነው ድብብቆሽ የሚጫወቱት?

ነጠላውን ፈትቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኋት። ከሪማ ቀልዷን ትታ አጠገቤ ተቀመጠች። የእኔም እናት በአገር ቤት እንዲሁ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፣ አለችኝ፤ አባታችን እንስራ ከቦታው ንቅንቅ ያደረገን ሰው በዱላ ነበር የሚያባርር። ለመሆኑ ወይዘሮ ሙሉነሽን ጠይቀዋቸዋል? አለች። ምኑን? አልኋት። ምኑ ምኑ የት እንደነበረ፣ አለችኝ። አንቺ፣ ቤቱ እኮ የእኔ ነው፣ የት እንደነበረማ አውቃለሁ፣ አልኋት። የለም፣ አያውቁም፣ አለችኝ ሳትፈራ፤ እርስዎ ቀን ቀን ትምህርት ቤት ነበሩ።

ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ቀጥ ያለ እርማት የሰጠኝ ሰው የለም።

ወደ እናትሽ ገባሁ። በቀጥታ ብጠይቃት «ምንም» እንደምትለኝ ስለማውቅ፣ ዝምተኛ ተማሪን ለማናገር የምጠቀምበትን የድሮ ዘዴዬን አወጣሁ፤ አውቄ ተሳሳትሁ። ሣጥኑን ወደ ቦታው ልመልሰው ነው፣ ከምሰሶው ሁለት ክንድ ነበረ የሚርቀው፣ አልሁ ለራሴ እንደሚናገር ሰው። አዎ፣ ሁለት ክንድ ነው፣ አልሁ ደግሜ። ከግድግዳው ሳትዞር፣ አንድ ክንድ ከስንዝር ነው፣ አለችኝ፤ በመኻላቸው በጎኔ ዞሬ ነበር የማልፈው። አግዳሚውስ ከበሩ ይጠጋ ነበር አይደል? አልሁ። ኧረ አንቱ፣ አለችና ዞረች፣ እዚያ ከቆመ እንግዳው በየት ይግባ? በመስኮት? ከዚያ ወዲያ ዘዴዬ አላስፈለገኝም። ከዚያ ወዲያ የተሳሳትሁት ሁሉ በእውነት ስለማላውቅ ነበረ።

እስከ ገና ዋዜማ ድረስ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትምህርታችን ሆነ። እሷ ከአልጋዋ ትናገራለች፤ እኔ እገፋለሁ፣ እስባለሁ። ማስመሪያዬን ሳነሣ ድምፁን ትሰማና፣ አንቱ፣ ይተዉት እሱን፣ በእግርዎ ይለኩ ትለኛለች። ከአልጋው እስከ መጋረጃው ሦስት፣ ከመጋረጃው እስከ ምሰሶው አራት፣ ከምሰሶው እስከ በሩ አራት፤ በእሷ እርምጃ ማለት ነው፤ የእኔ ረጅም ስለሆነ አይጠቅምም አለችኝ። ምሰሶውን ገልጬ ወረቀቱን ጣልሁት። ከወገብ ከፍ ብሎ ሠላሳ ዓመት እጇ ያረፈበት ቦታ እንደ ቀንድ ለስልሶ አገኘሁት። ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ በርጩማዋ የት ገባች? አለችኝ። ጓዳ ናት፣ ማንም አይቀመጥባትም፣ አልሁ። ያውጧት፣ አለችኝ፤ ከበሩ በስተግራ፣ አጭሩ እግሯ ወደ ግድግዳው ይሁን፤ አልጋነሽ ከበሩ ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው። አልተከራከርኋትም፤ ያንቺ በርጩማ አሁን እዚያው ናት።

ዕቃው ሁሉ ከቦታው ከገባ በኋላ ማስጌጡን እንደገና ጀመርን፤ አሁን ግን ሁለት ሆነን። ከአልጋዋ እስከ በሩ ሰሌን ዘረጋሁላት፤ ከሰሌኑ ግራና ቀኝ ቄጠማ ጎዘጎዝሁ፤ ባዶ እግሯ ቄጠማውን ከነካ ከመንገዷ መውጣቷን ታውቃለች። ከመስኮቱ ሥር ጠጅ ሣር፣ ከራስጌዋ የጥድ ቅርንጫፍ አደረግሁ፤ ሽታው የቱ የት እንደሆነ ይነግራታል። ከሪማ አግዳሚው ላይ የሚነጠፍ የበግ አጎዛ ይዛ መጣች። የአንቺን መጋረጃ ከመኝታ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ሰቀልሁት። እናትሽ ጨርቁን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ አበባዎቹ ምን ምን ይመስላሉ? አለችኝ። አንድ በአንድ ነገርኋት። ቀዩ ስንት፣ ቢጫው ስንት፣ ቅጠሉ ወዴት እንደሚያዘነብል። ከመጨረሻው አበባ ስደርስ፣ ይድገሙልኝ አለችኝ፤ ከመጀመሪያው ደገምሁላት። ያን ከሰዓት በኋላ ቤታችን ቤት አልመሰለኝም። ከእንጦጦ የወረደው ጉም አጥሩን ውጦት ነበር፤ ሁለታችን በጀልባ ተቀምጠን አበባ ብቻ ባለበት ውሃ ላይ የምንሄድ መሰለኝ።

የብርጭቆ ፍሬዎችሽ ነገር ቀረ። ለዓይን ብቻ የተሠሩ ናቸውና ወደ ሣጥናቸው ልመልሳቸው ስል አንዱ ከሌላው ጋር ተጋጭቶ ጮኸ። እናትሽ ቀና አለች። ምንድን ነው? አለችኝ። አልጋነሽ የላከችው ነው አልኋት። እንደገና ያንኳኩት፣ አለች። አንኳኳሁላት። እዚያ፣ አለችኝ፣ ከበሩ ጉበን ላይ ይስቀሏቸው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በሩ ይጠራኛል።

የገና ዕለት ከጊዮርጊስ ስመለስ ገና እየነጋ ነበር። ጉሙ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ የባሕር ዛፉ ጫፍ ብቻ ከላይ ይታያል፤ የአራዳ ሱቆች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ የእግሬን ኮቴ እንኳ የሌላ ሰው መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። እሪ በከንቱን ወርጄ ከደጃችን ስደርስ በሩን ለመግፋት እጄን ዘረጋሁና ተውሁት። ትንሽ ነፋስ መጣ። ፍሬዎቹ ከውስጥ ተንጫጩ። ከዚያ በኋላ ሰሌኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

ልጄ፣ በውጭ ቆሜ ቆጠርሁ። ሦስት። መጋረጃው። ከዚያ አራት። እዚህ ላይ ቆመች፤ ምሰሶውን እየዳሰሰች እንደሆነ አወቅሁ፤ ቆይታዋ ረዘመብኝ። ትመለስ ይሆን ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ። ከዚያ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር፣ ዐሥራ አንድ። በሩ ከውስጥ ተከፈተ። እናትሽ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፊቴ ቆመች። እንኳን አደረሰዎ፣ ከውጭ ቆመው ምን ይሠራሉ፣ ይበርድዎታል፣ አለችኝ። እንዴት አወቅሽ? አልኋት። የጧት ሳልዎን የአራዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ አለችኝና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ፀሐይዋ ጉሙን እየገፈፈች ነበር። ከግራ ጉንጬ ጀመረች፣ አለች።

ያን ቀን ሙሉ ተናገረች። እኔ አጎዛው ላይ፣ እሷ ከጎኔ፣ ከሪማና ኑሪ ከፊታችን ሆነን፣ ከሩቅ ሜዳ የገና ተጫዋቾቹ ጩኸት ሲመጣ ሲሄድ፣ እሷ ስለ ሠርጋችን፣ ስለዚህ ቤት አሠራር፣ አንቺ በርጩማዋን ጥርስሽ እስኪነቃነቅ ስለነከስሽበት ቀን ተረከች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እንግዶቹ ሲሄዱ ደብዳቤሽን ከኪሴ አወጣሁ። ሙሉነሽ፣ የዘለልሁት መስመር አለ፣ አልኋት። ዐውቃለሁ፣ አለችኝ፤ እዚያ ሲደርሱ ትንፋሽዎን ዋጡ። ወር ሙሉ ስጠብቅዎ ነበር።

ሁለቱን መስመሮች አነበብሁላት። ጠጅ ሣሩን በጣቶቿ እያሻሸች፣ እንዲህ ብለው ይጻፉላት አለችኝ። ቃሏ ይህ ነው፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም፦ «በጥር ነይ። ልጅሽንም ይዘሽ ነይ። ድሬዳዋ ሙቀቱ ለአጥንት ጥሩ ነው ይላሉ፤ የአንቺም እጅ ከአባትሽ እጅ እንደሚፈጥን ዐውቃለሁ። ግን ይህን ቤት ዓይን ሳለኝ ሠላሳ ዓመት ተምሬዋለሁ፤ ሌላ ቤት ያለ ዓይን የምማርበት ዕድሜ የለኝም። መጥተሽ እዪኝ እንጂ አትውሰጂኝ።»

እኔ በበኩሌ እንዲህ እልሻለሁ። መጥተሽ በዓይንሽ እዪ። አይተሽ፣ አባባ፣ አሁንም አልሆነም ካልሽኝ በመንገድሽ ላይ አልቆምም፤ አንቺም ልጇ ነሽ። እስከዚያው ግን ዕቃ አላንቀሳቅስም። መስመርም አልዘልም።

ከዚህ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ የታሰረ የጥጥ ክር ታገኛለሽ። እናትሽ የፈተለችው ነው። ከገና በኋላ ባለው ቀን ራሷ ከአልጋዋ እስከ በሩ እየሄደች ዘረጋችው፤ በየእርምጃዋም ቋጠረችው። እንዳይወሳሰብብሽ ቀስ ብለሽ ፍቺው። ከራስሽ አልጋ ጀምረሽ መሬት ላይ ዘርጊውና ዓይንሽን ጨፍነሽ በባዶ እግርሽ ተራመጂበት። ሰባተኛው ቋጠሮ ላይ ትንሽ ቁሚ፤ እዚያ እሷም ትቆማለች። ዐሥራ አንደኛው ላይ ስትደርሺ እጅሽን ዘርጊ። በሩ እዚያ ነው፤ ከውስጥ የምትከፍትልሽ እሷ ናት።

ለአቶ ሐድጉ የአባትነት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሣጥኑን ላመጣው ባልደረባውም ምስጋናዬን ያድርስልኝ። ለእሜቴ ብርኽቲ እጅ ነሥቻለሁ፤ እናትሽ ደግሞ የሚፈትሉት ጥጥ ካለቀባቸው እንድልክላቸው ንገሪኝ ብላለች። መድኃኔን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ፤ በርጩማዋን ለመንከስ ከፈለገ ፈቅጃለሁ በይው። ከሪማና ኑሪ፣ መርሻም፣ እንደምን አለሽ ብለውሻል። እናትሽ ከአጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ብዕርዎ ቆመ፣ ጨረሱ እንዴ? ትለኛለች። ጨርሻለሁ።

አባትሽ መምህር እምሩ
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ እሪ በከንቱ
ጥር ፪ ቀን ፲፱፻፳፭ ዓመተ ምሕረት